መስኮት ላይ ተሰንቅሮ ለቀረው ኢንስፔክተራችን

ይህን ጽሁፍ መጻፍ ከነበረብኝ ወራት አልፈዋል። ዛሬ ማታ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው እንደ ድሮዬ ወደ ታች አልሮጥኩም። ሶፋዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ሳስተውል በራሴ አፈርኩ። ሰውየውን እስካሁን በአደባባይ አላመሰገንኩትም እኮ!

የቤት ኢንስፔክተራችን ነው፤ ቤት ከመግዛታችን በፊት ፈትሾ ጉድለቱን የሚነግረን ባለሙያ። ቤት ልትገዙ የተነሳችሁ ሰዎች፣ በተለይ ቤዝመንቱ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ ለመኖሪያ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ዓይናችሁ ውስጥ የገባ፣ እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ሰው ጥሩት።

መጀመሪያ ግን ምሬቴን ላውጣ። የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ ልባችንን የወሰደው ቤዝመንቱ ነበር። ለስላሳ ምንጣፍ፣ ትኩስ ቀለም፣ ጣሪያው ላይ የተደረደሩ መብራቶች። ያኔ ቤቱን ያየልን ኢንስፔክተር፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ግማሹን ጊዜ ስልኩን ሲነካካ ነበር። "አሪፍ ነው፣ ችግር የለውም" ብሎን ሄደ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ሌሊት በካልሲ ወረድኩ። ምንጣፉን ስረግጠው ጭቅ አለ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ሽታው መጣ፣ ከሽታው ሻጋታው። የጠራነው ጠጋኝ ደግሞ ሻጋታውን ቀለም ቀባበት፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሻጋታው ቀለሙን ገፍቶ ወጣ። ቤዝመንቱ ያለ ፈቃድ እንደተሠራ የሰማነው ደግሞ ቤቱን ልንሸጥ ስንነሳ ነው። "ሰፊ ቤት" ብለን የገዛነው፣ ስንሸጥ ከመሬት በታች ያለው ስፋት ከላዩ ጋር አብሮ አልተቆጠረልንም። አራት ዓመት እንዲህ ተቃጠልን።

ስለዚህ ሁለተኛ ቤት ስንፈልግ ማንንም አላምንም ነበር። ይህን ሰው የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እድሜ ይስጣት።

የመጣ ቀን ጓጉቼ የቤዝመንቱን በር ስከፍትለት "ቆዪ፣ ውሃው የሚመጣው ከውጭ ነው" ብሎ ቤቱን ዞረ። አሸንዳውን አየ። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ ውሃውን የት እንደሚደፋ አየ። እዚያው ግድግዳው ሥር ነበር የሚደፋው። መሬቱም ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው። ወደ ውጭ ማዘንበል ነበረበት አለኝ። አራት ዓመት ውሃ ስቀዳ ኖሬ ይህን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም!

ሲወርድ በአፍንጫው ጀመረ። ደረጃው ግርጌ ቆሞ አሸተተና "ሽቶ ተነፍቷል፣ ለምን ይመስልሻል?" አለኝ። ከዚያ ተንበርክኮ የእጅ ባትሪውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በጎን አበራው። ፊት ለፊት ሲያዩት ልሙጥ የነበረው ነጭ ግድግዳ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አብጦ የሚሄድ መስመር ነበረው። ቀጥሎ የውሃ ማሞቂያው ያለበት፣ ቀለም ያልደረሰበት ጥግ ውስጥ ገባ። ከሲሚንቶው ላይ ጨው የሚመስል ነጭ ብናኝ በጣቱ ጠርጎ አሳየኝ። ውሃ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ የሚተወው ነው። የሚጮህ መሣሪያም ነበረው። ስለ እሱ አትጠይቁኝ፤ እኔ የገባኝ ያ መስመር ላይ ሲያስጠጋው መጮሁ ብቻ ነው።

እኔን ያሸነፈኝ ግን መኝታ ቤቱ ላይ ያደረገው ነገር ነው። ክፍሉ መሃል ቆሞ "እህቴ፣ እዚህ ማን ሊተኛ ነው?" አለኝ።

"እናቴ። ጸጥታ ትወዳለች።"

ዝም አለ። ጃኬቱን አወለቀ፣ ወንበር ሳበ፣ ወደ መስኮቱ ወጣ። ጭንቅላቱ አለፈ። አንድ እጁም አለፈ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ተሰንቅሮ ቀረ፤ እግሮቹ አየር ላይ ይወራጫሉ። ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ እኔም ተከተልኩት። ሰውየው እንደምንም ወርዶ አቧራውን ሲያራግፍ ግን አልሳቀም። "እሳት ደረጃውን ቢይዘው እናታችን በየት በኩል ይወጣሉ?" አለ።

"እናታችን" ነው ያለው። አይቷትም አያውቅም።

አልጋ ስለገባበት ብቻ መኝታ ቤት አይሆንም አለን። የሚተኛው ሰው ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ ከውስጥ ከፍቶ ወደ ውጭ የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ያስፈልገዋል። የመስኮቱ ልክ እንደየቦታው ሕግ ይለያያል፤ ሻጩ ስለተናገረ ብቻ አትመኑ።

በማግስቱ ሲነጋጋ ስልኬ ጮኸ። "ዝናብ ነው፣ ሻጩን አስፈቅዱልኝና መጥቼ ልየው።" መጣ። ምንጣፉን ከጥጉ ገልጦ ከሥሩ ያለውን እርጥብ ሲሚንቶ አሳየን። ለዚያ ምልልስ ምንም አላስከፈለንም። "ግድግዳው ተከፍቶ ይታይ" ስንል ሻጩ አሻፈረኝ አለ፤ እኛም ቤቱን ተውነው። ባለቤቴ ለሳምንት አኩርፎ ነበር፣ ቤቱን ወዶት ነበርና።

አሁን የምንኖርበትንም ያየልን እሱ ነው። የቤዝመንቱን ፈቃድ ወረቀት ራሳችን ከሚመለከተው ቢሮ እንድናጣራ አስገደደን። የውሃ መምጠጫ ፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቶ ፓምፑ ሲነሳ አስደመጠን። መብራት ቢጠፋ የሚሠራበት ባትሪ እንዳለውም ጠየቀ። ያልጠየቅነውን ራዶንንም ያነሳው እሱ ነው። ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ከአፈር ውስጥ የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በብዙ አገሮች ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ከ100 ቤክሬል በኪዩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ቤክሬል ምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ የእኛ ከዚያ በታች መሆኑን ግን አውቃለሁ።

በእናቴ መስኮት ደግሞ ሳይቸገር ወጣና ከውጭ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን።

እንከን አውጪ ካላችሁኝ ወሬ ይወዳል። የሁለት ሰዓቱ ሥራ አራት ሰዓት ይፈጃል። ይፍጅ! እኔ እንኳን አራት ሰዓት አራት ዓመት ከፍያለሁ። ጥሩት፣ ለወንድም ለእህታችሁም ንገሩ፣ ደግሜ እላለሁ ጥሩት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዝናብ ባለበት ቀን ቶሎ ባያነሳ ግን አትቀየሙት። የአንዱ ሰው ቤዝመንት ውስጥ ተንበርክኮ ይሆናል።