አዳማ ላይ ፊልም ለማጠብ፦ የፕላስቲክ ታንክ ይሻላል የብረት?

ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤቱ ማጠብ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ታንኩ፣ ማለትም ፊልሙ በኬሚካል ስለሚታጠብበት ዕቃ ነው። በሁለቱም ሠርቻለሁ። አዳማ ላይ ለሚጀምር ሰው ፕላስቲኩን እመክራለሁ። ምክንያቴ ሙቀቱ ነው።

ለዴቨሎፐር (ምስሉን ለሚያወጣው ኬሚካል) የሚሰጡት ደቂቃዎች ባብዛኛው ለ20 ዲግሪ የተሠሩ ናቸው። በሚያዝያ እዚህ ጀሪካን ውስጥ ያደረ ውሃ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ብረት ደግሞ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል። ታንኩን ይዛችሁ ስትገለብጡት የእጃችሁም የክፍሉም ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል። በረዶ የተጨመረበት ሳፋ አጠገባችሁ ከሌለ ልትቆጣጠሩት ይከብዳችኋል። ፕላስቲኩ ቀዝቃዛ ያስገባችሁትን ይዞ ይቆያል።

ብረቱም የሚበልጥበት አለ። ለአንድ የ35 ሚሊሜትር ፊልም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ኬሚካል ይበቃዋል፤ ፓተርሰን የሚባለው የፕላስቲክ ታንክ 290 ይፈልጋል። የፕላስቲኩ ሪል (ፊልሙ የሚጠመጠምበት) ትንሽ እርጥበት ካገኘው ፊልሙ መሃል ላይ ይያዛል፣ አልሄድም ይላል። ፊልሙ ብርሃን እንዳያገኘው በሚጠመጠምበት የጨለማ ከረጢት ውስጥ እጅ ሲያልበው ይህ ይብሳል። ስለዚህ ከረጢቱን ተዉትና ማታ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ጠምጥሙ። የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ድፈኑ።

ሁለተኛ እጅ የብረት ሪል የምትገዙ ከሆነ ግን እባካችሁ መጣመሙን እዩ። እኔ ሳላይ ገዛሁ። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ኬሚካል ያልነካው ቦታ ቀረ። ከተበላሹት ሁለቱ የአያቴ ፎቶዎች ነበሩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ ዴቨሎፐሩ እንምጣ። ዲ-76 ዱቄት ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይመቻል። ፓኬቱ ግን በአንዴ ነው የሚበጠበጠው፤ ሞልቶ በተዘጋ ጠርሙስ 6 ወር ያህል ይቆያል። ሮዲናል ፈሳሽ ነው፤ ከተከፈተ በኋላም ለዓመታት ይቆያል። ለአንድ ፊልም በ1 ለ50 (አንድ እጅ ለ50 እጅ ውሃ) ሲቀጠን 6 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በፋርማሲ ሲሪንጅ ትለኩታላችሁ። ፍጥነቱ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 በሆነ ፊልም ላይ ምስሉ ሻከር ይላል፤ ልስላሴ የሚወድ ሰው ዲ-76ን ይምረጥ። በወር አንድ ፊልም ለሚያጥብ ሰው ግን ሮዲናል ነው።

ታንኩ ላይ ብር ከቆጠባችሁ ለጥሩ ቴርሞሜትር አውሉት። ኢልፎርድ ኤችፒ5 የሚባለው ፊልም በሮዲናል 1 ለ50 በ20 ዲግሪ 11 ደቂቃ ነው። ውሃችሁ 24 ከሆነ ወደ 7 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። ሙቀቱን ካወቃችሁ በረዶ ባይኖርም ትሠራላችሁ። ከ5 ደቂቃ በታች እንዳይወርድ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ፊልሙ ዥጉርጉር ሊሆን ይችላል።

ውሃ በሚጠፋበት ቀን ከፊክሰር (ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል) በኋላ ቧንቧ አያስፈልጋችሁም። ታንኩን ሞልታችሁ 5 ጊዜ ገልብጡና ድፉ፤ እንደገና ሞልታችሁ 10 ጊዜ፣ በመጨረሻም 20 ጊዜ። ከ1 ሊትር ብዙ አይበልጥም። ማለቅለቂያው አሲድ የሌለበት የባትሪ ውሃ ከሆነ ፊልሙ ሲደርቅ የጠብታ ምልክት አይቀርበትም።