ዩሪያ፣ የጆንያ ኮምፖስት ወይስ ቀይ ትል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓሮ የቱ ይሻላል

ክረምት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ለጓሮዬ ምን ልግዛ?» ዘንድሮ ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ በኮምፖስት ስም የገዙት ጆንያ ቆስጣቸውን ቢጫ አደረገባቸው። «ገንዘቤንም ቆስጣዬንም በላው» አሉኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ። መልሴን አልደብቅም፤ ትል ግዙ።

ከዋጋ እንጀምር። ሻጭ የሚነግራችሁ የጆንያውን ዋጋ ነው። እናንተ ግን ተክሉን የሚመግበውን የናይትሮጅኑን ዋጋ አስሉ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል ማለት ነው። በጆንያ የሚሸጠው ጥሩ የትል ኮምፖስት ግን ደርቆ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው ያለው። 50 ኪሎው ውስጥ ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ። ጆንያው በዩሪያው ሩብ ዋጋ ቢሸጥላችሁ እንኳ ለአንድ ኪሎ ናይትሮጅን ከ6 እስከ 12 እጥፍ ገደማ ከፈላችሁ። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ውኃም እየገዛችሁ ነው።

«ታዲያ ዩሪያ አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። ሰፊ የስንዴ ማሳ ላለው ገበሬ አትግዛ አልለውም። ለጓሮ ግን የገዛችሁት ሁሉ ተክሉ ጋ አይደርስም። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ዩሪያውን በጥቂት ቀናት ተክሉ ሊወስደው ወደሚችል የናይትሮጅን መልክ፣ ወደ አሞኒየም፣ ይቀይሩታል። ላይ ላዩን ተበትኖ ከቀረ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ታች ይዞት ይሄዳል። ውኃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት ላይማ የባሰ ነው። ኦክስጅን ያጡት ባክቴሪያዎች በናይትሬቱ ይተነፍሱና ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይመልሱታል። ከጋዞቹ አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። የግድ ዩሪያ ካላችሁ ትንሽ ትንሽ አድርጉና አፈር አልብሱት። በኪሎ ከተቸረቸረላችሁ ጥቂቱን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩ። ንጹሕ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ ብርጭቆውም በግልጽ ይቀዘቅዛል። ዝቃጭ ከቀረ ተቀላቅሎበታል።

የጎረቤቴን ጆንያ ስከፍተው ገለባው ገና አልበሰበሰም፤ ግማሹም አፈር ነው። የእህል ገለባ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን አለው። ባክቴሪያዎቹ ያን ሁሉ ካርቦን ለመብላት ናይትሮጅን ይጎድላቸዋል፤ የጎደለውን ከአፈሩ ይወስዳሉ። ቆስጣው የተራበው ለዚህ ነው። ናይትሮጅኑ ጠፍቶ አልቀረም። ፕሮቶዞዋና ኔማቶድ የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ባክቴሪያዎቹን ሲበሉ ትርፉን አሞኒየም አድርገው ይለቁታል። ግን በደሴ ብርድ ይህ ወራት ይፈጃል፤ ቆስጣ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ያልበሰለውን ከመደቡ ጠርገን አወጣን። ከእበት ጋር ቀላቅለን ከመርነው፤ እየገለበጥን አበሰልነው።

ጆንያ ስትገዙ እጃችሁን መሃሉ ድረስ አስገቡ። ትኩስ ከሆነ አልበሰለም። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው የከፈላችሁበት ናይትሮጅን እየተነነ ነው። ገለባው ከነቅርጹ ከታየ ተዉት። ጥቂቱን ውኃ ውስጥ በጥብጡት፤ ታች ወፍራም አሸዋ ከዘቀጠ የገዛችሁት አፈር ነው።

ትሉ እበትና ልጣጭ እየበላ ኮምፖስቱን እዚያው ጓሯችሁ ይሠራላችኋል፤ የሚከፈልበትም አንዴ ነው። ከተመቸው በጥቂት ወራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለት ኪሎ አትግዙ፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ሲመዘን ከነእበቱ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እበቱ ለብቻው፣ ትሉ ለብቻው ይመዘን። የሚፈለገው ኤይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። ቀጭን ነው፤ ሰውነቱ ላይ ቀለበት ቀለበት መስመር አለው፤ ከእበቱ ላይኛው ክፍል አይርቅም። አንዳንዱ ሻጭ ከማሳ የቆፈረውን ግራጫ የአፈር ትል ያቀርባል። እሱ ጥልቅ አፈር ወዳድ ስለሆነ እበት ውስጥ አይቆይም፤ ወይ ይሞታል ወይ ይጠፋል። እበቱን ፈልፍሉና ሎሚ የሚመስሉ ደቃቅ የዕንቁላል ከረጢቶችን ፈልጉ። ካሉ ትሉ እዚያው እየተራባ ነው።

ትሉ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከ35 በላይ ይሞታል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጆንያ አልብሱት። ኮምቦልቻ ላይ ግን ጥላ ነው የሚያስፈልገው። ትኩስ እበት ራሱ ስለሚሞቅ ከሁለት ሳምንት በላይ አብርዱት። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ስጡት። ጨውና ዘይት የነካው የወጥ ትራፊ አይሆንም። ፀረ ተባይ የተረጨ ገረባም ሊገድለው ይችላል።

ባቄላ ለምትዘሩ የባክቴሪያ ማዳበሪያ በፓኬት አለ። ባክቴሪያው ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ያቀርባል። ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኬት፣ ቀኑ ባያልፍም፣ አትግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ያበበ ባቄላ ከጓሯችሁ ንቀሉና እባጩን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው እየሠራ ነው፤ ገንዘባችሁን አታውጡ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ከሌለ፣ ያኔ ፓኬቱ ዋጋውን ያወጣል።