የሰፈር ዘበኛ ወይስ የመንገድ መብራት?

ወረዳ ለሰፈር ጸጥታ የሚመድበው ብር ውስን ነው። ታዲያ ለሌሊት ጥበቃ ይዋል ወይስ ለመንገድ መብራት?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር በየወሩ አዋጥቶ ዘበኛ ይቀጥራል። ዘበኛ ሰው ያውቃል። ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ አምሽታ የምትገባን ልጅ እስከ በሯ ይሸኛል። ይህን አምፖል አያደርገውም። ግን አንድ ሰው ነው፤ ይታመማል፣ ይደክመዋል። መዋጮ ሲጓደል ደሞዙም ይዘገያል።

መብራትስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ውስጥ በመንግሥት መኖሪያ ግቢዎች ተጨማሪ መብራት ተተክሎ ነበር። ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ የሌሊት ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

እኔ ወረዳው መብራቱን ያስቀድም እላለሁ። ዘበኛ መቅጠሩን ሰፈሩ ለምዶታል፤ ምሰሶ መትከል ግን ከነዋሪው አቅም በላይ ነው። ብቻ አምፖል ሲቃጠል ቶሎ የሚቀይር ሰው አብሮ ይመደብ።