አፈ ሰፊው ፔርሙዝና የልጆቼ ምሳ

ሰኞ ማታ የታናሹን ልጄን የምግብ ፔርሙዝ ላጥብ ስከፍተው የምስር ሾርባው ጠዋት እንደሞላሁት ነበር። «አልራበኝም ነበር» አለኝ። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ አጠገቤ አስቀመጥኩትና «እስቲ አንተ ክፈተው» አልኩት። በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ በሁለት እጁ ታገለ። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ገና 7 ዓመቱ ነው። «ክፈቱልኝ» ማለት አፍሮ ሦስት ቀን ምሳ ሳይበላ ውሏል። አንጀቴን በላኝ።

ከዚህ የጀመርኩት ብዙዎቻችን ይህን ዕቃ ስንገዛ የምንጠይቀው «ስንት ሰዓት ሙቀት ይይዛል?» ብቻ ስለሆነ ነው። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። አሁን አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ወድጄዋለሁ፣ ደግሜም እገዛዋለሁ። አገዛዙን ግን መጀመሪያ ተሳስቻለሁ።

ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ነው ከቤት የምትወጣው፤ የጠዋቱ ኩሽና የእኔ ነው። ያለፈው ዓመት ልጆቹ ምሳቸውን ይገዙ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚገዙት ብስኩትና ስኳር የበዛበት መጠጥ ነው። ወጪው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ስለሚወጣ አይታወቅም፤ በወሩ መጨረሻ ስደምረው ደነገጥኩ። ፔርሙዞቹ ዋጋቸውን ለመመለስ 6 ሳምንት ነው የፈጀባቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ግድግዳ አለው፤ በመሃላቸው ያለው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ሙቀት በግድግዳው በኩል መውጣት ስለሚቸግረው በዋናነት የሚያመልጠው በክዳኑና በአፉ በኩል ነው። 18/8 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበት የማይዝግ ብረት ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴ መጠኑ ላይ ነበር። «ያድጋሉ» ብዬ ለሁለቱም ባለ 500 ሚሊ ሊትር ገዛሁ። ለ11 ዓመቷ ልጄ ልክ ሆነ። የታናሹ ግን ከግማሽ ብዙም አልፎ አያውቅም። ግማሽ የተሞላ ፔርሙዝ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል። በምግብ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ለካሁት። ሾርባውን እየፈላ ሞልቼ ከ5 ሰዓት በኋላ ስከፍተው 65 ዲግሪ ነበር። ግማሽ ብቻ ስሞላው 51። ሙሉ ሆኖ ፔርሙዙን አስቀድሜ በፈላ ውሃ ሳላሞቀው ስቀር ደግሞ 56። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ መቆየት የለበትም፤ ከዚያ በታች ባክቴሪያ መራባት ይጀምራል። ስለዚህ እነዚህ ጥቂት ዲግሪዎች ቀላል አይደሉም። አሁን ጠዋት ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ መጀመሪያ የማደርገው የፈላ ውሃ ፔርሙዞቹ ውስጥ መሙላት ነው። 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ይደፋል፣ ምግቡ እየተንተከተከ ይገባል። ለብ ያለ ምግብ ፈጽሞ አልጨምርም። ፔርሙዝ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ምግብ አያሞቅም።

ወደ ክዳኑ ልመለስ። ባዶውን ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት በቀላሉ ይከፈታል። ትኩስ ምግብ ሲገባበት ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው እንፋሎት እየበረደ ሲሄድ የውስጡ ግፊት ይቀንስና ክዳኑን ወደ ታች ይስበዋል። ለታናሹ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ሌላ ገዛሁለት። ክዳኑ መሃል ላይ ስትጫን አየር የምታስገባ ቁልፍ አለችው። ቅዳሜና እሁድ ምሳውን ቤት ውስጥ ከዚያው እየበላ ተለማመደ። እባካችሁ ልጃችሁ ትኩስ ምግብ የያዘውን ራሱ መክፈቱን ሳታዩ አትላኩት።

ከሁሉ በላይ ያተረፍኩት የሳምንቱን ምግብ የማስብበትን መንገድ መለወጤ ነው። ድሮ እራትና ምሳ ሁለት የተለያየ ሥራ ነበሩ። አሁን አንድ ድስት ናቸው። ቅዳሜ ፍሪጁንና ጓዳውን አይቼ የአምስት ቀን እራት በወረቀት እጽፋለሁ። ከአምስቱ ሦስቱ ለማግስቱ ፔርሙዝ የሚሆኑ መሆን አለባቸው። ምስር መዘፍዘፍ ስለማይፈልግ ሥራ ለሚበዛበት ቀን ነው። አደንጓሬ ከተጻፈ ቅዳሜ ማታ እዘፈዝፈዋለሁ፤ እሁድ የዘፈዘፍኩበትን ውሃ ደፍቼ በአዲስ ውሃ በደንብ አፈላዋለሁ። በተለይ ቀዩ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያምስ መርዛማ ነገር አለበት። የደረቀ ጥራጥሬ ከሥጋም ከታሸገውም ይረክሳል፣ ልጆቹንም አጥግቦ ያውላል። ከምስር ጋር ሁሌ ብርቱካን አስይዛቸዋለሁ፤ ቫይታሚን ሲ ሰውነት የጥራጥሬውን ብረት በደንብ እንዲወስድ ያግዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 350 ግራም፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ላሉት ደግሞ ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ከእራት ብቻ እዚህ መድረስ ለእኔ አልተቻለም። ሾርባው ውስጥ ካሮት፣ ዱባና ቲማቲም ሲገባ ግን ልጆቹ ሳይከራከሩ ይበሉታል።

የተረፈውን እራት ድስቱ ውስጥ አላሳድርም። በሰፊ ዕቃ በስሱ ዘርግቼ አቀዘቅዘውና በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይገባል። ሩዝ ላይ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ከመቀቀል ይተርፋል። ሩዙ ውጭ ከቆየ የሚያወጣው መርዝ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ከትምህርት ቤት የተመለሰ ትርፍም ይደፋል፤ ያሳዝናል፣ ግን ይደፋል።

የማይሆንለት ምግብ አለ። የተጠበሰ ነገር ይረጥባል። ፓስታ እየጠጣ ያብጣል፤ አጫጭሩን መርጣችሁ ሳይበስል ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡት። ቅጠላ ቅጠል ቀለሙን ያጣል። ወተት ያለበት ምግብ የክዳኑ ጎማ ላይ ሽታ ይተዋል። ጎማውን በየቀኑ አውጥታችሁ እጠቡት፤ ከሥሩ ምግብ ይቀራል። መለዋወጫ ጎማ የማይሸጥለትን ፔርሙዝ ባትገዙ ይሻላል።

የልጄ ፔርሙዝ በአምስተኛው ወር ተበላሸ። ምግቡ ቀዝቅዞ ይጠብቃት ጀመር፣ ውጭው ደግሞ ጠዋት ስይዘው ይሞቃል። በግድግዳዎቹ መሃል አየር ገብቷል ማለት ነው፤ አይጠገንም። የገዛሁበት ሱቅ አልቀይርም አለኝና ሌላ ገዛሁ። አዲሱን በገዛሁበት ቀን የፈላ ውሃ ሞልቼ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጎኑን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ምሳ የሚያሞቅ ከሆነ ተራ ምሳ ዕቃ ይበቃችኋል። የማያሞቅ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ታናሹ ለመጪው ዓመት የእህቱን የሚያህል እንድገዛለት ጠይቋል። መጀመሪያ እራት ላይ ስንት እንደሚበላ በመለኪያ ኩባያ እያየሁ ነው። ትናንት ማታ 350 ሚሊ ሊትር ጨርሶ ደግሞ ጠየቀኝ።