አሥር ወር ከሮቦት መጋዘን ጋር፦ የራሴን ዕቃ ከጎረቤት የገዛሁበት ቀን

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ድሬ ላይ ይሄ ወሬ አይሆንም። ወሬው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የተሽከርካሪ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ከሐረር አንድ መካኒክ መጣ፤ የድሮ ደንበኛዬ ነው። ሚኒባሱ ውጭ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋበታል። የፈለገው አሥር ፍሬ የባጃጅ ፍሪሲዮን ገመድ ብቻ ነው። ታብሌቱ ላይ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የተከፈተው ገጽ አለ። አየሁት። ገመድ 46 ፍሬ፣ ሳጥን ቁጥር 217፣ ከላይ ስድስተኛ። ዕቃው አለኝ። ያለው ደግሞ ከቆምኩበት ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ማውጣት ግን አልቻልኩም።

እንዴት ለሚል ሰው ማሽኑን ላስረዳ። ሳቢያን ያለው መጋዘኔ ውስጥ በአሉሚኒየም ቋሚዎች የተሠራ ትልቅ ቀፎ አለ። በቀፎው ውስጥ የፕላስቲክ ሳጥኖች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ። ስምንት ሳጥን አንድ ቁልል ነው፤ 60 ቁልል አለ፤ ሲሞላ 480 ሳጥን ይይዛል። መደርደሪያ የለውም፣ ሰው የሚገባበት መተላለፊያም የለውም። አናቱ ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ በሐዲዱ ላይ ሁለት ሮቦቶች ይመላለሳሉ። ሮቦቱ ቁልሉ ላይ ይቆምና መንጠቆውን በቀበቶ ወደ ታች ልኮ የላይኛውን ሳጥን ይስባል። የምትፈልገው ስድስተኛው ከሆነ አምስቱን አንድ በአንድ አንስቶ አጠገቡ ያሉት ቁልሎች ላይ ያስቀምጣል፤ ያንተን አውጥቶ በዕቃ መቀበያው መስኮት ያወርድልሃል። ሳጥኖቹ ሁሉ ኮድ አላቸው፤ የትኛው የት እንዳለ፣ ውስጡም ምን እንዳለ ኮምፒውተሩ ያውቃል።

ሐሳቡ ከኖርዌይ የመጣ ነው። ኢንግቫር ሆግናላንድ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ነው፤ ዛሬ አውቶስቶር በሚባለው ስሙ ይታወቃል። የኔ የዚያ ቤት ምርት አይደለም። በዚያው ሐሳብ ሌላ ቦታ የተሠራ፣ አነስ ያለ፣ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። ስሙን አልጠራም። ዋጋውንም አልናገርም፤ ሚስቴ ታነባለች። በሱ ገንዘብ ግን ከለገሀር እስከ መጋላ የሚሰለፍ ባጃጅ ይገዛ ነበር።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱም ሮቦቶች አረንጓዴ መብራታቸውን እያበሩ ቆመዋል። ባትሪያቸው ሙሉ ነው። ሻጩ ሲሸጥልኝ «መብራት ቢጠፋ አትስጋ ወንድሜ፣ ሮቦቶቹ የራሳቸው ባትሪ አላቸው፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ሮቦቱ ባትሪ አለው፤ ሮቦቱን የሚያዘው ኮምፒውተርና ትእዛዙን የሚያደርሰው ዋይፋይ ግን ከግድግዳው ሶኬት ላይ ነው የተሰኩት። ጡንቻው አለ፣ ጭንቅላቱ የለም። ወንድሜ፣ ይህቺን ስትነግረኝ ምን ትጎዳ ነበር? ድሬዳዋ እየሸጥክ መሆኑን ረስተኸው ነው?

ጀነሬተር የለህም ወይ ትሉኛላችሁ። አለኝ። ጄሪካኑ ነው ባዶ የነበረው፤ የቤንዚን ሰልፉን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

የዕቃ ቤት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው በቀፎው ጎን ዞሩ። 217 ዳር ላይ ካሉት ቁልሎች በአንዱ ውስጥ ነበር። በቋሚዎቹ መሃል ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ድረስ አስገቡ።

«ይኸውልህ ልጄ፣ እዚህ ነው። እጄ ነክቶታል።»

«አባባ፣ ይሳቡት እስቲ።»

«በምን በኩል ልሳበው? ከላይ አምስት ሳጥን ተጭኖታል፣ ከፊቱ ብረት ቆሟል።»

ትክክል ነበሩ። አንዱ ሳጥን እስከ 30 ኪሎ ይይዛል፤ የኛዎቹ ደግሞ ኩሽኔትና የፍሬን ሸራ የታጨቀባቸው ናቸው። ጣታቸው ሳጥኑን ሲያንኳኳው ይሰማኛል። ኳ፣ ኳ። መካኒኩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሲጨንቀኝ ልጁን ጎረቤት ላክሁት። ጎረቤታችን የቆርቆሮ መደርደሪያ ያለው ትንሽ ሱቅ ነው። አሥሩን ገመድ ይዞልኝ መጣ። ማሸጊያው ላይ ያለው ስቲከር የራሴ ነበር። ባለፈው ወር በጅምላ የሸጥኩለትን ገመድ በችርቻሮ ዋጋ ገዛሁት ማለት ነው። ለመካኒኩ ደግሞ በጅምላ ዋጋ ሰጠሁት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ ዕለት ታይዋን ገበያ ወርጄ ኢንቨርተርና ባትሪ ገዛሁ። ኮምፒውተሩና ዋይፋዩ የሚበሉት ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለማሽኑ ካወጣሁት አንጻር የባትሪው ዋጋ የሻይ ነው። ተሰካ፣ ተሞከረ፣ ሠራ። ደረቴን ነፋሁ። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ሠራተኞቹን ሰብስቤ «አሁን እዩ» አልኳቸው። ሮቦቱ ሄደ፣ ቆፈረ፣ አነሳ፣ አወረደ። ሳጥኑ መስኮቱ ጋ ደርሶ ቁጭ አለ። መስኮቱ ግን አልተከፈተም። የመስኮቱ የመስታወት በር እጅ እንዳይቆረጥ ተብሎ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው፤ እሱን ባትሪው ላይ ያገናኘው ሰው የለም። ያዘዝኩት ካንዴላ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ተረጋግቶ «የበሩ የእጅ ቁልፍ ከዕቃው ጋር ተልኮላችኋል እኮ» አለኝ። ስንፈልገው ዋልን፤ መሳቢያ ውስጥ የለም፣ ቢሮም የለም። ማታ መብራት ሲመጣ አባባ ድንገት ትዝ አላቸው። ማሽኑ የተገጠመ ቀን የተረፉትን ብሎኖችና ወረቀቶች በአንድ ፌስታል አድርገን ሳጥን ውስጥ ከተን ነበር። ሳጥኑ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ማንም ስላልጠራው ቀስ በቀስ ወርዶ ስምንተኛው ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ የሚከፍተው ቁልፍ መብራት ሳይኖር የማይወጣ ቦታ ነው የተቀመጠው።

ይሄን ሁሉ ሰምታችሁ «ሸጠህ ተገላገል» የምትሉኝ አላችሁ። የገዛ ወንድሜም ይለኛል። ቆይ አንዴ።

ያ ቁልፍ ወለል ላይ መውረዱ ራሱ የማሽኑ ጥበብ ነው። ዘወትር የሚጠራ ሳጥን ሲመለስ ከላይ ይቀመጣል፤ የማይጠራው እየተቀበረ ይሄዳል። ማንም ሳያዝዘው ገበያው ራሱ ዕቃዬን ደረደረልኝ። ካንዴላ፣ ፍሬን ሸራ፣ ፍሬቻ ሁልጊዜ አናት ላይ ናቸው፤ ከደቂቃ በታች ይደርሳሉ። ታች የቀሩትን ዝርዝር አንድ ቀን አውጥቼ ሳይ አማቼ ከስድስት ዓመት በፊት «እሳት የላሰ ቢዝነስ» ብሎ ያስገዛኝ የጎን መስታወት አራት ሳጥን ሙሉ ተኝቷል። አላፍርም፣ በግማሽ ዋጋ በተንኩት።

ደግሞ የበርጫውን ሰዓት አስቡት። ድሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ ማን ይሠራል? ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ለአሥር ሰዓት የታዘዘውን ዕቃ ሮቦቶቹ በዚያ ሰዓት ቆፍረው ከላይ ያዘጋጃሉ። አባባ በር ላይ ፍራሻቸውን ዘርግተው እየቃሙ ይጠብቋቸዋል። ጠባቂ ያስፈለገው ያለምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደቡብ ምሥራቅ ለንደን አንድ ትልቅ የሮቦት መጋዘን ውስጥ ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነስቶ ነበር። ሌሊትማ አጥፍቻቸው ነው የምሄደው።

ሙቀቱ አስቸግሮኛል። ሮቦቶቹ የሚሮጡት አናት ላይ፣ ልክ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ወረቀቱ እስከ 35 ዲግሪ ይላል፤ ግንቦት ላይ ቆርቆሮው ሥር ያለውን እኔ አልነግራችሁም። ሁለት ጊዜ ራሳቸውን አጠፉ። ኮርኒስ አስመታሁ፣ ማራገቢያ ሰቀልኩ፣ ቀረ። አቧራውን አባባ ሐሙስ ሐሙስ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል። አንድ ጎማ ሲበላ ሻጩ መለዋወጫው ሁለት ወር ይፈጃል አለኝ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ ሰው ከዚራ ያለ ቶርኖ ቤት ውስጥ በግማሽ ቀን አበጁት። ከኦሪጅናሉ ይሻላል። ለሻጩ ነግሬዋለሁ፣ ደስ አላለውም።

እንደገና ትገዛዋለህ ወይ ለሚለኝ መልሴ እንደ ቀኑ ነው። ያን ቅዳሜ ብትጠይቁኝ በኪሎ ሸጬው ነበር። ዛሬ መብራት አለ፤ አባባም ከአሥር ወር ወዲህ መሰላል ላይ አልወጡም። በፊት ጉልበታቸውን እየያዙ አምስተኛው መደርደሪያ ላይ ሲንጠላጠሉ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ስለዚህ ዛሬ እገዛዋለሁ እላለሁ።

ሊገዛ ያሰበ ካለ ግን ሻጩን ስለ ሮቦቱ ባትሪ አትጠይቁት። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይውረድና በዚያው አንድ ሳጥን እስከ እጃችሁ ያምጣላችሁ። መስታወቱን ከፍቶ።

ቁልፉን አባባ ከሙስባሃቸው ጋር በአንድ ክር አሥረው ኪሳቸው ይዘውታል። ለማንም አይሰጡም። ትናንት ለሙከራ ስጠይቃቸው «መብራት አለ እኮ፣ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።