ሚጢጢዋ ስቲክ ደብረ ብርሃን ላይ፦ የአሥር ወር ትዝብት

መብራት በተመለሰ ቁጥር እናቴ ጋቢዋን እንደተከናነበች ከሶፋው ላይ «ያቺ ሚጢጢ ነቃች?» ትለኛለች። ሚጢጢ የምትላት ከቴሌቪዥናችን ጀርባ የተሰካችውን፣ ዩቲዩቡንና ፊልሙን ከኢንተርኔት የምታመጣልንን አንድሮይድ ቲቪ ስቲክ ነው። መስከረም ላይ ከአንድ የመንዝ በግ ዋጋ ትንሽ ባነሰ ብር ገዛኋት፤ አሁን ሰኔ ነው። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም። እኛ ጋ ሱቅ የሚገባው ዕቃ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ስም ይዞ የሄደ ሰው ሌላ ነገር ተሸክሞ ይመለሳል። ምን እንዳላት ግን ልንገራችሁ፦ 1 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ማከማቻ፣ እስከ 1080 የሚደርስ የምስል ጥራት፣ በድምፅ ይታዘዛል የተባለ ሪሞት።

ስገዛ የጠየቅኩት ሁሉ ስለ ምስል ጥራት ነበር። አሁን ቢሆን ባለሱቁን የምጠይቀው መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃው ምን እንደሚያደርግ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ከእሷ በፊት የነበረን ጥቁር የቲቪ ሣጥን ነው። መርካቶ የሄደ ዘመድ ያመጣው፣ ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (ከ1080 የሚበልጠው የምስል ጥራት) የተጻፈበት፣ «ፊልሙ ሁሉ ነፃ ነው» የተባለለት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀኑን ይረሳና 2015 ላይ ይገኛል፤ የፈረንጆቹን 2015 ማለቴ ነው። ኢንተርኔት አለ፣ ዩቲዩብ ግን እንቢ ይላል፤ ሌላውም አፕ እንደዚያው። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አፑ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ የሚያየው ዲጂታል ሰርተፍኬት «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚል አለበት። ሣጥኑ በራሱ አቆጣጠር 2015 ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ዘንድሮ የወጣው ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልተወለደ ልጅ ነው፤ አይቀበለውም። እንዲህ ያሉ ርካሽ መሣሪያዎች ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ ውስጣቸው የላቸውም፤ ሰዓታቸውን የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነው። ደህናው መሣሪያ ራውተሩ እንደተነሣ ቀኑን ራሱ ያስተካክላል። የእኛው ሣጥን ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ በእጄ ካልሞላሁለት እዚያው ተገትሮ ይቀራል። መብራት በሳምንት ሦስት አራቴ በሚሄድበት ክረምት ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በኋላ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ሁላችንም ተኝተን፣ የራውተሩ መብራት ሲርገበገብ አየሁ። በፈረንጆቹ ጁን 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለው ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንዳንድ የቲቪ ሣጥኖች ገና ሳይሸጡ ቫይረስ ተጭኖባቸው ይመጣሉ፣ የባለቤቱም ኢንተርኔት ሌሎች ለሚሠሩት ወንጀል መሸፈኛ ይሆናል ነው የሚለው። በወሩ የአንድሮይድ ባለቤት ጎግል ክስ ሲመሠርት የተጠቁትን መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ብሏቸዋል። ያን ባነበብኩ ማግስት ሣጥኑን ነቀልኩት።

ስለዚህ የሚጢጢዋ ትልቁ መልካምነት ጎግል የፈቀዳት መሆኗ ነው። ይህን መለየት ያን ያህል አይከብድም። ያልተፈቀዱት ብዙ ጊዜ የስልክ አንድሮይድ ተጭኖባቸው ስለሚመጡ ሪሞቱ እንደ ማውስ ቀስት ያንቀሳቅሳል፤ የተፈቀዱት የራሳቸው የቲቪ ገጽ አላቸው። ጎግልም የሚያውቃቸውን አምራቾች በአንድሮይድ ቲቪ ድረ ገጹ ላይ ዘርዝሯል። ኔትፍሊክስ የምታዩ ከሆነ ደግሞ ባልተፈቀደ ሣጥን ላይ ቢከፈት እንኳ ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 4ኬ መጻፉ አያድነውም።

ሚጢጢዋ ግን ያለ ችግር አልመጣችም። የመጀመሪያው ሳምንት ዩቲዩብ በተከፈተ ቁጥር ጥፍት ብላ እንደገና ትነሣለች። ልመልሳት ካርቶኗን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሶኬት ለመቆጠብ ብዬ የሰካኋት ቴሌቪዥኑ ራሱ ላይ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ነበር። የድሮው ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው ግማሽ አምፒር ነው፤ የእሷ ቻርጀር ላይ የተጻፈው 1 አምፒር። ዝም ብላ ስትቀመጥ ይበቃታል፤ ቪዲዮ ስትጫወት ግን ይርባታል። የራሷን ቻርጀር አውጥቼ ግድግዳ ላይ ከሰካሁ ወዲህ አንድም ቀን በመሃል አልጠፋችብኝም። ቻርጀሩን ለስልክ ወስዳችሁ ስቲኩን ቴሌቪዥኑ ላይ የሰካችሁ ካላችሁ፣ ዕቃውን ከመስደባችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ለራውተሩ ደግሞ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ገዛሁለት። ሲገዙት ሞኝነት ይመስላል፤ መብራት ከሌለ ቴሌቪዥኑም የለ። ጥቅሙ ሲመለስ ነው። ራውተሩ ካልጠፋ ሚጢጢዋ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነሥታ ቀጥታ ኔትዎርክ ታገኛለች። ድሮ ራውተሩ እስኪነሣ፣ መስመሩ እስኪገባ፣ ቀኑ እስኪስተካከል ድረስ ቡናው ሦስተኛ ይደርስ ነበር።

4ኬ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኔትፍሊክስ ራሱ ለ720 ምስል በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለ1080 ደግሞ 5፣ ለ4ኬ 15 ይመክራል። 5 ሜጋቢት በሰዓት ሲሰላ 2.25 ጊጋ ነው። በስልክ ፓኬጅ የሚያይ ሰው ይህን ቁጥር አንድ ቀን ያስላውና ከዚያ ይወስን። የእኛ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ደግሞ ራሱ 1366 በ768 ነው፤ 1080ውን እንኳ አሳንሶ ነው የሚያሳየኝ። ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ሠፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን፣ 480 ላይ አውርጄ አያለሁ። እናቴ ልዩነቱን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

እሷ የጠየቀችኝ ስለ ሰዓቱ ነው። ከላይ ጥግ ላይ 19:00 ይላል። «ልጄ፣ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ይቺ አሥራ ዘጠኝ የምትለው ከየት አምጥታ ነው?» ሜኑውን ወደ አማርኛ ቀየርኩላት፤ ሰዓቷን ግን ማሳመን አልቻልኩም። ሪሞቱ ላይ ያለው ማይክም እንደዚያው ነው። እናቴ በመንዝኛ ቅላጼዋ ስብከት ስታዝ የሚመጣው ሌላ ነው፤ አንድ ቀን የብስክሌት ጥገና አመጣላት። ፊደል በሪሞት አንድ በአንድ መልቀም ደግሞ ጽድቅ የሚያስገኝ ትዕግሥት ይጠይቃል። መፍትሔው ስልክ ነው። የስልኬን ዩቲዩብ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ በአማርኛ ጽፌ ፈልጌ እልክላታለሁ። ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የምትስበው ስቲኳ ራሷ ስለሆነች ስልኩን ይዤ ብወጣም አይቋረጥም።

በስድስተኛው ወር «ቦታ የለም» ማለት ጀመረች። 8 ጊጋ ሲባል ግማሽ ያህሉን ሲስተሙ ይዞታል። የልጆቹን ሁለት ጌም አጠፋሁ፣ የዩቲዩቡን ካሽ (ለጊዜው ያከማቸውን ፋይል) አጸዳሁ፤ አሁን በወር አንዴ አጸዳለሁ። ራሙም ጠባብ ነው፤ ከአንድ አፕ ወደ ሌላው ስትሄድ ትንሽ ታስባለች። ሁለት ጊጋ ራም ላላት ልዩነቱን ከፍዬ ብሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ሌላው የቆጨኝ የፍላሽ ቀዳዳ የሌላት መሆኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ፍላሽ ያነባል፣ አዲሶቹን ፋይሎች ግን አላውቃቸውም ይላል። የእህቴን ሠርግ ቪዲዮ ለማየት ከኮምፒውተር ላይ መቀየር ነበረብን። ኔት በሌለበት ማታ፣ ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ጭኖ ከፍላሽ ማየት የሚቻልበት ሣጥን ባላቸው ጎረቤቶቼ እቀናለሁ።

መንገዱ ሰላም በነበረበት አንድ ሳምንት ወንድሜ ጋ ሸዋ ሮቢት ይዣት ወረድኩ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ኅዳር ላይ ውርጭ ባቄላ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ዕቃ ይሞቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጣርማበርን ዋሻውን አልፈን፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ ከዚያ ቁልቁል ወርደን ቆላው ውስጥ ገባን። ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ አጣብቆ ሰቅሎታል። ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ሳታጫውት ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ፤ ስነካት ጀበና ናት። በካርቶኗ ውስጥ የመጣችውን አጭር የኤችዲኤምአይ ማስረዘሚያ ገመድ ያኔ ነው ያስታወስኳት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን ወደ ጎን ስናንጠለጥላት አየር አገኘችና ተሻላት።

ዲሹን አልነቀልኩትም። ያኔ ለኢትዮሳት ብለን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ያዞርነው ዲሽ አሁንም ጣሪያው ላይ አለ፤ የነሐሴ ዶፍ ሲጥል ምስሉ ይሄዳል እንጂ የወር ክፍያ አይጠይቅም። ኢንተርኔት ለቀናት ሲጠፋ ዜና የሰማነው በእሱ ነው። ኳሱንም አሁንም ዲኤስቲቪ ቤት ሄጄ፣ ቆሜ ነው የማየው።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደውሎ «ለእኔም አንዷን ግዛልኝ» አለኝ። ሁለት ጊጋ ራም ያለውን፣ የፍላሽ ቀዳዳ ያለውን ሣጥን፣ ጎግል የፈቀደውን ልፈልግልህ ስለው እናቴ ከጎኔ ሆና ሰማችን። ጋቢዋን ሳብ አደረገችና «ሚጢጢዋን ለእሱ ላክለት፤ ቆላ ለምዳለች። ያን ሌላውን ለእኛ» አለች።