የሙላቱ ሸክላ ወይስ ሲዲው? ለድሬ አድማጭ

የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝ ያዋሃደውን ሙዚቃ፣ ድሬዳዋ ላይ ለሚሰበስብ ሰው ሁለት መንገድ አለ፦ በዚያ ዘመን የታተመውን የሙዚቃ ሸክላ መፈለግ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣውን «ኢትዮፒክስ» የተባለ የሲዲ ተከታታይ ቁጥር 4 መያዝ።

ሲዲው የተከታታዩ አዘጋጅ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የደከመበት ሥራ ነው። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ የተቀዱትን በአንድ ላይ ያስቀምጣል። «የከርሞ ሰው»ን፣ «ትዝታ»ን፣ «የካቲት»ን ሳይቆራረጡ ያሰማል። ብዙ የውጭ አገር ሰውም ሙላቱን ያወቀው በዚህ ነው።

ሸክላው ግን ሌላ ነገር ነው። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው የ«የካቲት» አልበም ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ሲያልቅ ተነስተህ ትገለብጠዋለህ፣ ስለዚህ በጥሞና ታዳምጣለህ። የቤዙ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሳክስፎኑ በትዝታ ቅኝት ሲንጎራጎር እዚያው ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል።

የድሬ ሙቀትና አቧራ ግን ለሸክላ ምሕረት የላቸውም። ፀሐይ ላይ የተረሳ ሸክላ ይጣመማል፣ አቧራ የገባበትም ይንጫጫል። ከመግዛትህ በፊት በዓይንህ ትክክል ጠፍጣፋ አድርገህ ያዘውና ጠርዙ መጉበጡን እይ፤ ከዚያ መብራት ሥር አዙረው፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ተወው። ቤት ስታስገባው ደግሞ ደርበህ አታስተኛው፤ የከሰዓት ፀሐይ ከሚያግለው ግድግዳ አርቀህ አቁመው።

ለጀማሪ ሲዲውን እመክራለሁ። ማጫወቻው ኖሮት፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ያለ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ላለው ግን ያለማመንታት ሸክላውን እላለሁ።